ቀኝ አናሎግ የሌለው ጆይስቲክ

ይህ ስለ አንድ ጆይስቲክ በመወያያ ገጽ ላይ የተከፈተ ክር ታሪክ ነው፤ ክር የምለው አንድ የመነሻ ጽሑፍንና ከሥሩ በቁጥር የተከታተሉትን መልሶች ነው። የመነሻውን ጽሑፍ ያሰፈረው ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ የሚማር ልጅ ነው። ውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ለፋሲካ ሲመጣ ከሻንጣው ያወጣለት ጆይስቲክ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ የሠራው ስቲም ኮንትሮለር እንደሆነ፣ ሁለት ወር ያህል በላፕቶፑ ከተጫወተበት በኋላም በዚሁ ዕቃ ምክንያት ከጓደኞቹ ጋር መግባባት እንዳቃተው ጽፏል። ጠቡ የሚጀምረው ከመልኩ ነው። ለቀኝ አውራ ጣት የሚሆን አናሎግ፣ ማለትም በጣት ወደፈለጉበት የሚገፋ አጭር ዱላ፣ የለውም፤ በቦታው የጣትን እንቅስቃሴ የሚያነብ፣ እንደ ስኒ ማስቀመጫ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ክብ ሰሌዳ ተቀምጧል። በግራም እንዲሁ ክብ ሰሌዳ አለ፤ ከእርሱ ዝቅ ብላ አንዲት አናሎግ ትገኛለች። ዕቃው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 ሲታወጅ እንዲያውም አንድም አናሎግ አልነበረውም፤ መሐሉ ላይ የሚነካ ስክሪን ነበረው። በኅዳር 2015 በ50 ዶላር ገደማ ለገበያ ሲቀርብ ስክሪኑ ቀርቶ የግራዋ አናሎግ ገባች። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በኅዳር 2019፣ ምርቱ ሲቋረጥ የተረፈው በ5 ዶላር ተቸበቸበ። ልጁ በማውዝ ለሚታዘዙ ጨዋታዎችም ሆነ ለማነጣጠር ከለመድነው ጆይስቲክ እንደሚበልጥ በገዛ እጁ አረጋግጫለሁ ይላል፤ እንዲህ ከሆነ ዓለም ለምን ገፋው፣ እናንተስ ብታገኙት ትይዙት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ።

ፍኖተ ሰላም ከተማ ስድስት ዓመት ጌም ቤት ያስተዳደርሁ ሰው ስለሆንሁ ክሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥሞና ነው የተከታተልሁት። የተባለውን እንዳለ መገልበጡ ስለሚረዝም በራሴ ቃል ላስረዳ፤ የራሴንም መልስ በተራው አነሣለሁ።

መልስ 1 ከደጀን የጻፈች ልጅ ናት። ወንድሙን እግዚአብሔር ይስጠው ብላ ጀምራ፣ ከስንት ጆይስቲክ ጠጋኝና ከስንት ነጋዴ ያልሰማችውን ነገር በግልጽ ስላስረዳ አመስግናዋለች፤ ከዚያ ሁላችንም ልንጠይቀው የነበረውን ጠየቀች። ኳስ ላይ እንዴት ነው? በእኛ አገር ጆይስቲክ ማለት ከኳስ ጨዋታ ተለይቶ የሚታይ ነገር አይደለምና ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። መልስ 2 ከቡሬ መጣ። ኳስ በግራ አናሎግና በአራቱ ቁልፎች ያልቃል፣ የቀኙ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም የሚል አጭር አስተያየት ነበር።

መልስ 3 ላይ የክሩ ቃና ተለወጠ። ጸሐፊው የደብረ ማርቆስ ሰው ሲሆን፣ እስከ መጨረሻው ድረስ የዚህ ዕቃ ዋና ተቃዋሚ ሆኖ ቆይቷል። የቡሬውን ልጅ ሳያመናጭቅ ግን ሳይምረውም አረመው። አብዶ የሚሠራው በቀኝ አናሎግ ነው፤ በመከላከል ጊዜም የፈለጉትን ተጫዋች መርጦ ለመያዝ የሚያገለግለው እርሱ ነው፤ ስለዚህ ቀኙን አናሎግ አያስፈልግም የሚል ሰው ኳስ እያቀበለ ብቻ የሚጫወት፣ አንድም ቀን ተከላካይ አታሎ ያላለፈ መሆን አለበት አለ። ባሕር ዳሬው በመልስ 4 ያለ ማድበስበስ እውነቱን ተናገረ፦ ክቡን ሰሌዳ አናሎግ እንዲመስል አድርጎ ማስተካከል ይቻላል፣ ነገር ግን አናሎግ ገፍተውት ሲለቁት ራሱ ወደ መሐል የሚመለስ ሲሆን ሰሌዳው ላይ ግን ጣት መሐሉ የት እንደሆነ ይጠፋዋል፤ በዚህም ምክንያት አብዶ ሲሞክር ከአምስቱ ሁለቱ ብቻ እንደሚሳኩለት አመነ።

ከመልሶች ሁሉ እኔ ደጋግሜ ያነበብሁት ቁጥር 5ን ነው። ዳንግላ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው የጻፈው ሲሆን፣ ክርክሩ ስለ መውደድና መጥላት ብቻ እንዳልሆነ ያሳየ እርሱ ነበር። አናሎጉን ወደ ቀኝ ገፍቶ የያዘ ሰው ጨዋታውን የሚያዝዘው በፍጥነት ነው፤ እስኪለቀው ድረስ እይታው ይዞራል፣ ጥበቡም በጊዜ መልቀቁ ላይ ነው። ማውዝ ግን የሚያዝዘው በርቀት ነው፤ እጅ ሁለት ጣት ያህል ከሄደ እይታውም በዚያው ልክ ሄዶ ይቆማል። ይህን ያስረዳበት ምሳሌ ከሙያው የመጣ ነው። የድሮውን ሬዲዮ ያየ ሰው መፈለጊያውን በጣቱ እያዞረ ቀይዋን መርፌ ልክ ጣቢያው ላይ ያቆማታል፤ ኋላ የመጣው ግን ቁልፉን ተጭኖ ይዞ፣ ጣቢያው ሲደርስ ቶሎ መልቀቅ ይጠይቃል፤ ትንሽ የዘገየ ያልፈዋል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ያልፈዋል። አናሎግ ሁለተኛው ሬዲዮ ነው፤ የስቲም ኮንትሮለር ሰሌዳ ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው። ከሰሌዳው ሥር ያሉት ጥቃቅን ነዛሪዎችም ጣት በሄደ ቁጥር ጠቅ ጠቅ እያሉ፣ የምትንከባለል ኳስ እየነካህ ያለህ ያስመስሉታል፤ ይህም ዓይን ስክሪን ላይ እያለ ጣት የሄደበትን ርቀት እንዲቆጥር የታሰበ ነው አለ።

የደብረ ማርቆሱ በመልስ 6 ማብራሪያውን አላስተባበለም፤ ሬዲዮ ከነመርፌው ቀርቷል፣ የቀረውም ሰው ስለጠላው ነው ብሎ አለፈ። እኔ ይህን ሳነብ የእናቴ ሬዲዮ ትዝ ብሎኝ ትንሽ ተናደድሁ፤ ግን ክርክር ነው።

መልስ 7 የእንጅባራ ሰው ነው፤ ነገሩን ወደ ታሪክ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ አናሎግ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ዛሬ ያለ እነርሱ መጫወት አይቻልም የምንላቸው ሁለቱ አናሎጎች የመጡት በ1997 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኒንቴንዶ 64 ሁለት እጅ ላለው ፍጡር ሦስት እጀታ ያለው ጆይስቲክ ይዞ መጥቷል። ይኸው ኩባንያ በ2005 ቶኪዮ ላይ የቴሌቪዥን ሪሞት የሚመስል ማጫወቻ አሳይቶ፣ ዊ በተባለው መሣሪያ በቀጣዩ ዓመት ገበያ ላይ ሲያውለው ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጦለታል። እንግዲህ እንግዳ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ይገፋል፣ ኋላ ይለመዳል የሚል ነበር ድምዳሜው። መልስ 8 በዚያው ታሪክ መለሰለት፤ የዊ ተከታይ ሆኖ በ2012 የወጣው ዊ ዩ መሐሉ ላይ ስክሪን ያለበት ትልቅ ማጫወቻ ነበረው፣ ሽያጩ ግን 14 ሚሊዮን ሳይሞላ ቀረ፤ እጅ ባዶ ሆኖ በሰውነት እንቅስቃሴ የሚያጫውተው ኪኔክት በ2010 ወጥቶ በ2017 ምርቱ ቆመ። እንግዳ መሆን ለማሸነፍም ለመሸነፍም ማስረጃ አይሆንም አለ። በዚህ ነጥብ ላይ ከቁጥር 8 ጋር ነኝ፤ ሁለቱም ግን ጨዋነታቸውን ጠብቀው ነው የተከራከሩት።

ከቁጥር 9 እስከ 13 ያለው ከመንገዱ ወጣ ያለ ነው፤ እኔ ግን አልጠላሁትም። መልስ 9ን የጻፈው በልጅነቱ ዋሸራ ቅኔ የቆጠረ፣ አሁን ባሕር ዳር የሚሠራ ሰው ነው። ጆይስቲክ ማለት የእንጨት ዱላ ከሚመስለው ከጥንቱ ማጫወቻ የተወረሰ ስም ስለሆነ፣ ዱላው ሲቀር ስሙም መቅረት አለበት ብሎ ተነሣ። መቆጣጠሪያ የሚለውን የመሥሪያ ቤት ቃል ነው ብሎ ጣለው፤ መዘውር ለመኪና ነው አለ፤ ልጓምም ለፈረስ። በመጨረሻ ያቀረበው እርፍ የሚለውን ነው። ገበሬ በአንድ እጁ እርፉን ጨብጦ ማረሻውን ይመራል፣ በሌላ እጁ ጅራፉን ይዞ በሬዎቹን ይነካል እንጂ በሁለት እጁ ሁለት እርፍ አይጨብጥም፤ ስለዚህ አንድ አናሎግና አንድ ነጻ እጅ ያለው ይህ ዕቃ ከሁሉም ይልቅ ለጎጃም ሰው የቀረበ ነው ብሎ ደመደመ። መልስ 10 እና 11 ሳቁ። መልስ 12 የኔታ ብሎ እየጠራ፣ በእርፍ የሚያርስ ሰው ጌም ቤት ቁጭ ብሎ እንደማይውል አስታወሰው፤ ይህ ሽሙጥ ነበር። በቁጥር 13 ቅኔ ተማሪው ለሽሙጡ መልስ ሳይሰጥ፣ ምሳሌውን ያመጣው ለመቀለድ እንዳልሆነ ተናገረ፦ ግራና ቀኝ እጅ አንድ ዓይነት ሥራ መሥራት አለባቸው የሚል ሕግ ከየት መጣ ብሎ ነው የጠየቀው። ይህን ጥያቄ እስከ ክሩ መጨረሻ የመለሰለት የለም።

ቁጥር 14 የእኔ ነው። የጻፍሁት ዕቃውን ለማመስገንም ለመንቀፍም አልነበረም፤ አንድ የተረሳ ነገር ስለታየኝ ነው። ስለ ጆይስቲክ የምንከራከረው ሰው ሁሉ የራሱ ጆይስቲክ እንዳለው አድርገን ነው፤ የእኛ አገር ተጫዋች ግን አብዛኛው ጨዋታ የተማረው በጋራ ጆይስቲክ ነው። ቤቴ ውስጥ አራት ቴሌቪዥንና ስምንት ጆይስቲክ ነበሩ። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቅ አለ። እንዲህ ባለ ቤት አንድ ልጅ ጆይስቲክ ሲይዝ ከሱ በፊት የያዘው ሰው ላብ ገና አልደረቀም። ጨዋታው ደግሞ የሚያልቀው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነው። ባሕር ዳሬው የሚያመሰግነው ዕቃ ግን የእያንዳንዱን ጨዋታ ቁልፍ ተቀምጦ ማስተካከልን፣ የሰሌዳውን ፍጥነት ከራስ ጣት ጋር ማግባባትን፣ ከዚያም ጥቂት ሳምንት መሸነፍን ይጠይቃል። ተራ በሚጠበቅበት ቤት ለመሸነፍ የሚከፍል የለም። የሚገፋው ዕቃው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ መማሪያ ጊዜው የማን ኪስ እንደሚከፍለው ስለማይታወቅ ነው ብዬ ጻፍሁ። ፕሌይስቴሽንም ስለማይቀበለው ጌም ቤት ሊገባ እንደማይችል ጨመርሁበት፤ እርሱ የኮምፒውተር ዕቃ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ቤት አነሣሁ። ከስምንቱ ጆይስቲኮች አንዷ፣ ገመዷ ላይ ሰማያዊ ፕላስተር የተጠመጠመባት፣ ከሁሉ በላይ ትፈለግ ነበር። የአናሎጓ ጎማ ተልጦ አልቆ ስለነበር ከብስክሌት ካላማዳሪያ ክብ አድርጌ ቆርጬ በማጣበቂያ ለጥፌባት ነበር። ካላማዳሪያው አልተስተካከለም፤ በአንድ በኩል ወፈር ይላል። ደንበኞቼ ግን ያንን ጉብታ በጣታቸው ለምደውት፣ ለአብዶ ከአዲሶቹ ይልቅ እርሷ ትሻላለች እያሉ ይጣሉባት ነበር። በኋላ ኦርጅናል ነው ተብዬ የገዛሁትን አዲስ ጆይስቲክ ሳመጣ ማንም አልነካውም፤ እርግጥ ነው በሦስተኛው ሳምንት ራሱ ተበላሽቷል፣ የሸጠልኝም ሰው ሊቀበለኝ አልፈለገም። እጅ የለመደውን ነው የሚወደው፤ የለመደው ነገር ጠማማ ቢሆንም።

መልስ 15 በእኔ ላይ ሳይሆን በመነሻው ጸሐፊ ላይ ነው የወረደው። ስሙን ያልገለጸ ሰው፣ ነገሩ ሁሉ ስለ ጆይስቲክ ሳይሆን ውጭ አገር ወንድም እንዳለው ለማሳወቅ የተጻፈ ነው አለ። በመልስ 16 ባሕር ዳሬው ተቆጣ። ዕቃው ወንድሙ ተጠቅሞ የጠገበው አሮጌ መሆኑን፣ ጀርባው ላይ መስመር መስመር መጫጫሩን፣ የባትሪ ክዳኑም ላላ ማለቱን ዘርዝሮ፣ ሊኮራበት ቢፈልግ ፎቶ ይለጥፍ እንደነበር ጻፈ። ቁጣው ልክ ነበር፤ ትንሽ ረዘመ እንጂ። በመልስ 17 ጡረታ የወጡ የቢቸና አስተማሪ ገቡ። ሁለቱንም ልጆቼ ብለው፣ ሰው ያየውን ሲናገር ያላየ መስማት እንጂ የተናጋሪውን ሻንጣ መፈተሽ የለበትም ብለው ገሠጿቸው። እግረ መንገዳቸውን ጌም ቤት የተማሪ ጊዜ እንደሚበላ አንሥተው ትንሽ ወቀሱን፤ እኔ እርስዎ ልክ ነዎት ብዬ አጠር ያለ መልስ በቁጥር 18 ሰጠሁና ጉዳዩ በዚያው ቆመ።

ክሩን የለወጠው መልስ 19 ነው። የሞጣ ልጅ ነው የጻፈው። ታናሽ ወንድሙ ወፍጮ ቤት ሲሠራ የሞተሩ ቀበቶ የቀኝ እጁን አውራ ጣት እንደቆረጠበት፣ ከዚያ ወዲህ ጌም ቤት ገብቶ ከማየት በቀር እንደማይጫወት ጠቀሰና፣ ባሕር ዳሬው ቁልፎቹን ወደፈለጉበት ማዛወር ይቻላል ያለው ምን ያህል እውነት እንደሆነ ጠየቀ። በዚህ ጥያቄ ላይ የቀለደ የለም። መልስ 20፣ 21 እና 22 ተከታትለው የሚያውቁትን አዋጡ። አንዱ ከዕቃው ጀርባ፣ በመሐል ጣቶች የሚጫኑ ሁለት ቁልፎች መኖራቸውን ገለጸ። ሌላው ውስጡ ዘንበል ሲል የሚያውቅ መሣሪያ ስላለ፣ እይታን ጣት ሳይነካው ዕቃውን በማዘንበል ብቻ ማዞር እንደሚቻል አስረዳ። ሦስተኛው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአካል ጉዳተኛ ተጫዋቾች ያወጣውን፣ ሁለት ትልልቅ ክብ መጫኛዎችና ሌሎች ቁልፎች የሚሰኩበት ረድፍ ቀዳዳ ያለውን ኤክስቦክስ አዳፕቲቭ ኮንትሮለር ጠቀሰ። ባሕር ዳሬው በቁጥር 23 ወንድምህን ይዘኸው ና፣ ላፕቶፑም ዕቃውም የእኔ ነው ብሎ ጋበዘ።

መልስ 24 እርማት ይዞ ነው የመጣው፤ እስካሁን ማንም ያላነሣውን። ቫልቭ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 አዲስ ስቲም ኮንትሮለር ማሳወቁን፣ በአዲሱ ላይ ሁለቱም አናሎጎች መመለሳቸውን፣ ሰሌዳዎቹ አራት ማዕዘን ሆነው ከአናሎጎቹ ሥር መቀመጣቸውን፣ ከጀርባም አራት ቁልፍ መኖሩን ዘረዘረ። ይህ አሠራር በ2022 ከወጣው ስቲም ዴክ ከተባለው በእጅ ከሚያዘው መሣሪያ የተወሰደ ነው። የደብረ ማርቆሱ በመልስ 25 ደስታውን አልደበቀም፤ ኩባንያው ራሱ ስህተቱን አምኖ አናሎጉን መለሰ፣ ክርክሩ በዚህ አለቀ አለ። የዳንግላው ጠጋኝ ግን በቁጥር 26 እንዲህ በቀላሉ አልለቀቀውም። አናሎጉ ተመለሰ እንጂ ሰሌዳው አልወጣም፤ የተሸነፈ ነገር ከቤት ይወጣል እንጂ ከአሸናፊው ሥር ቦታ አይሰጠውም ብሎ ተከራከረ። እኔ ሁለቱንም ሳነብ ኩባንያው የተማረው እኛ ቁጥር 14 ላይ ያልነውን ይመስለኛል፦ ሰው የለመደውን ሳትነጥቅ አዲሱን ጨምርለት የሚለውን። ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

ጠጋኙ በዚያው መልስ ስለ አናሎግ መበላሸትም አንሥቷል፤ ይህ ለእኔ እንጀራ የነበረ ጉዳይ ስለሆነ ሳልጠቅሰው አላልፍም። በተለመደው አናሎግ ሥር በስስ የካርቦን ንጣፍ ላይ የምትሄድ ጥቃቅን የብረት ምላስ አለች። ምላሷ በሄደች ቁጥር ንጣፉን ትፍቀዋለች፤ ዱቄቱ ይጠራቀማል፣ አቧራ ይጨመርበታል፣ በመጨረሻም ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ወደ አንድ ጎን መሄድ ይጀምራል። ጌም ቤት የከፈተ ሁሉ ይህን በሽታ ያውቀዋል፤ በአልኮል ይታጠባል፣ ለሳምንት ይድናል፣ እንደገና ያገረሽበታል። በማግኔት የሚሠራው አናሎግ ግን የሚፋተግ ነገር ስለሌለው በዚህ አይሞትም፤ የአዲሱ ስቲም ኮንትሮለር አናሎጎችም በማግኔት የሚሠሩ ናቸው። የክቡ ሰሌዳ ትልቁ ጥቅም ይህ ነበር፤ የሚፋተግ አካል የለውም። ባሕር ዳሬው እጁ ላይ ያለው አሮጌ ዕቃ ያ ሁሉ ጭረት እያለበት ሰሌዳው እስከ ዛሬ ልክ እንደ አዲስ መሥራቱን በቁጥር 27 መሰከረ። ችግሩ ሌላ ነው አለ፤ ዕቃው የሚሠራው በሁለት ትናንሽ የባትሪ ድንጋይ ሲሆን፣ ከሱቅ የሚገዛው ርካሽ ድንጋይ ብዙ አይቆይለትም። መልስ 28 ድንጋይ ቢያልቅ ይገዛል፣ መብራት ሲጠፋ ግን ቴሌቪዥኑስ ብሎ ስለ መብራት ማማረር ጀመረ፤ ሁለት ሰው ተከተለው፤ እርሱን እዘለዋለሁ፣ ሁላችንም የምናውቀው ነው።

መልስ 31 የሞጣው ልጅ ተመልሶ የጻፈው ነው። ወንድሙን ይዞ ባሕር ዳር ሄዶ ነበር። አርባ ደቂቃ ያህል ቁልፎቹን ሲያዛውሩ ቆዩ፤ ማቀበያውን ወደ ቀኙ የጀርባ ቁልፍ፣ መምቻውን አመልካች ጣት ወደሚያርፍበት ማስፈንጠሪያ፣ ተጫዋች መለወጫውን ወደ ግራው ጀርባ፣ ኳስ ማሻገሪያውን ወደ ግራው ክብ ሰሌዳ ወሰዱት። መጀመሪያ ዕቃው ከቀኝ እጁ እየተንሸራተተ አስቸግሮ ነበር፤ አውራ ጣት ለመጫን ብቻ ሳይሆን ለመጨበጥም እንደሚያስፈልግ ያኔ ነው የገባቸው። እጀታው ላይ ፎጣ ጠምጥመው በጎማ አሰሩት። በመጀመሪያው ጨዋታ 5 ለ 0 ተሸነፈ፣ በአራተኛው 3 ለ 1። ሽንፈቱን በዳኛው አሳብቦ እንደተነሣ፣ በመንገድም ስለ አንድ ያልተሰጠው ፍጹም ቅጣት ምት ሲከራከር ሞጣ መድረሳቸውን ጽፏል። የክቡ ሰሌዳ ጉዳይ በዚህ ሁሉ ውስጥ እምብዛም አለመነሣቱን ልብ ይሏል፤ ልጁን ያጫወተው የጀርባው ቁልፍና ቁልፍን እንደልብ የማዛወሩ ነገር ነው። ቁጥር 32 ላይ ይህንኑ የጠቆመው የቡሬው ልጅ ነበር፤ ከመልስ 3 ወዲህ ድምፁ ያልተሰማው።

በመልስ 33 ቅኔ ተማሪው ፎጣ የተጠመጠመበትን እጀታ እርፍ ብሎ መጥራት እንደሚቻል አሳሰበ፤ ዕድል አላመለጠውም።

ከዚያ ሁለት ቀን ማንም ሳይጽፍ አለፈ። መልስ 34 የደብረ ማርቆሱ ነበር። ስለ አብዶ የተናገረውን አንዱንም አልመለሰም፣ ይቅርታም አልጠየቀም፤ የጠየቀው ባሕር ዳሬው ዕቃውን ቢሸጥ ስንት እንደሚልና የላላው የባትሪ ክዳን በፕላስተር ይያዝ እንደሆን ነው። ባሕር ዳሬው በቁጥር 35 እንደማይሸጥ ነገረው፤ መሞከር ከፈለገ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢ በር ላይ እንደሚጠብቀው፣ ሲመጣም ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ርካሹን ሳይሆን ደኅናውን፣ ገዝቶ እንዲመጣ።